የጎርፉ ልክ

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከገብስ ማሳቸው የነቀሏቸውን ሰባት ችካሎች ከወልደ ሰንበት እግር ሥር ወረወሯቸው።

«ቀላዳችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ። የአባቴን ርስት አላስለካም!»

ወልደ ሰንበት የሞጣ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ በአንድ የውጭ አገር አማካሪ ድርጅት ከተቀጠረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መሬት ይቀይሳል፣ ለፈረንጁ መሐንዲስም ያስተረጉማል። አሁን የመጡት ከቢቸና ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ሊያጠኑ፣ ድልድዩ የት ቢያርፍ እንደሚሻልም መንግሥትን ሊመክሩ ነው። ጥናቱን የሚያስረክቡት ዓርብ ነው።

«እሜቴ፣ እኛ ለግብር መሬት የምንለካ ቀላድ ጣዮች አይደለንም፤ የመንገድ ሰዎች ነን» አላቸው።

«እንግዲያው ማልልኝ። ይህ የምትጽፉት ወረቀት ለግብር አይውልም ብለህ ማል።»

ዞር ብሎ ለመሐንዲሱ ነገረው። መሐንዲሱ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣ «ወረቀቱ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደረግበት አናውቅም» አለ። «ይህን ግን አትንገራት። መንገዱ በቅርቡ ይሠራል በላት።»

በሦስት ዓመት ሦስት መንገድ አጥንተው አስረክበዋል፤ አንዱም አልተሠራም። ወልደ ሰንበት በሄደበት አገር ሁሉ «በቅርቡ» ሲል ኖሯል። ዛሬ ግን በገዛ አገሩ፣ እንደ እናቱ በሚናገሩ ሴት ፊት ቆሞ ቃሉ አልወጣ አለው።

«መማሉን አልምልም፣ እሜቴ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ መካሪዎች እንጂ አዛዦች አይደለንም። መንገዱ መሠራቱንም እንኳ አላውቅም። ከተሠራ ግን ድልድዩ እንዳይፈርስ የምንመክረው እኛ ነን።»

ሴትዮዋ አተኩረው አዩት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የመሪጌታ ገብረ ሕይወት።»

«ውሃው እስከ የት ይሞላል ብላችሁ ነው ድልድይ የምትሠሩ?»

ወንዙ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ በቀይ ቀለም ያሰመሩትን ምልክት አሳያቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ሽቅብ ወጡ። ወልደ ሰንበት ተከተላቸው። ምልክቱን አልፈው፣ ዳገቱን ጨርሰው፣ ከአንድ ሾላ ሥር ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ድረስ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴ። ልጄ ሀብትነሽ ከዚያች ቅርንጫፍ ተንጠልጥላ ነው የተረፈች። አባቷ እሷን አወጣት፤ እሱ ሊወጣ ሲል ውሃው ቀደመው።»

ወልደ ሰንበት መሐንዲሱን ጠርቶ የሰማውን ነገረው። መሐንዲሱም መሣሪያውን ተክሎ አነጣጠረ፤ እንደገናም አነጣጠረ። መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ከቀዩ ምልክት በአራት ሜትር ከፍ ይላል።

«ስሌቱ በሙሉ ከሥሩ ይለወጣል ማለት ነው፤ ለዓርብ አይደርስም» አለ መሐንዲሱ። «ደግሞስ በአንዲት ሴት ቃል?»

«ሌላ መዝገብ የለንም» አለ ወልደ ሰንበት።

መሐንዲሱ ሾላውን አየ፤ ቁልቁል ወንዙን አየ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ የድሮውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘና ለወልደ ሰንበት አቀበለው።

«መረጃውን የሰጠው ሰው ስም መግባት አለበት። ጠይቃት።»

ወልደ ሰንበት ለመጠየቅ ፈራ። ወረቀት ጠልተው ችካል የነቀሉ ሴት ናቸው።

«እሜቴ... ስምዎ ይጻፍ?»

ሴትዮዋ ደብተሩን አዩት።

«የኔን ተወው» አሉ። «የሱን፣ ውሃው የወሰደውን ጻፍ። አካለ ወልድ በል።»

ወልደ ሰንበት ስሙን በፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ ይጽፍ ጀመር። ልኬቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ሴትዮዋ ግን መዳፋቸውን ከግንዱ ላይ አላነሱም።