አሸዋ ያልረገጠችው ሞዴል

ይህን ወሬ ያቀበለኝ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ ዝምተኛ ነው። ከእሱ አንድ ቃል ለማውጣት ቁርሱን አቅርቦ፣ ሻዩን ሁለቴ ቀድቶ፣ ከዚያ እንደ እሾህ በመርፌ መንቀስ ነው። ቢሆንም ነቀስኩት።

ግድግዳ የምንጋራቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ ፎቶ አንሺ፣ እሷ ልብስ ሰፊ። የሰፋቻቸውን ቀሚሶች አንድ ትልቅ ሱቅ ወደዳቸውና «ሞዴል ለብሳቸው በረሃ ላይ ፎቶ ይነሱልን» አለ። በረሃው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሚስትየው የሙሽራ ልብስ ይዟት ቀረች። የሄዱት ሦስት ናቸው፤ ፎቶ አንሺው፣ ሾፌሩና ሞዴሏ።

ሞዴሏ ለልክ ስትመላለስ ሰፈሩ «መቃ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስትስቅ ሦስት ቤት ይሰማል። መኪናው ውስጥ ስትገባ በመስኮት አየኋትና «እንዲህ ያለችዋ የኔን ደጃፍ አትረግጥም!» አልኩ። ድምፄ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ የሚያንስ አይደለም።

ፎቶ አንሺው በረሃ ላይ አንድ ሕግ አለው፤ አሸዋው አይረገጥም። ነፋስ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ያስተካከለውን አንድ ሰው ከረገጠው ፎቶው አበቃለት። እሱ ራሱ ገና ከመኪና ሲወርድ ጫማውን ወርውሮ በባዶ እግሩ ነው የሚሠራው፤ ጣቶቹ አሸዋ ውስጥ ሲገቡ እጁ አይንቀጠቀጥም አሉ።

«መቃስ? አትንጠባረርም?» አልኩት ሾፌሩን።

«ማን፣ እሷ? ኧረ! ውሃ እንኳ መጀመሪያ ለሌላ ሰው አቀብላ ነው የምትጠጣው።»

ለሌላ ሰው ማለት ለፎቶ አንሺው ነዋ! ይህን በልቤ ቋጠርኩ።

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?»

«መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ይሞቅ ነበራ።» ጫማውን ደጃፌ ላይ አራግፎ አጠለቀና ሄደ። አንድ እፍኝ አሸዋ! እያጉረመረምኩ ጠረግኩት።

ፎቶዎቹ ታትመው የመጡ ዕለት ባልየው ቤት አልነበረም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ጎረቤት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ቢጫው ቀሚስ የአሸዋው ኮረብታ ጫፍ ላይ እንደ መብራት ቆሟል። ሰማያዊውን ነፋስ ነፍቶታል። እሷ ስፌቷን ታያለች፣ እኔ አሸዋውን አያለሁ።

«እህቴ፣ ይቺን ከጎን የተነሳችውን እዪያት እስቲ።»

«ምነው፣ ዘርፉ ተተረተረ እንዴ?»

«ዘርፉን ተዪው። ከመቃ ኋላ ሽቅብ የወጣ የጫማ ዱካ አለ። የወንድ ነው፤ እንዴት እንደጠለቀ እዪው። የእሷስ ዱካ የታል?»

አየች። ጎንበስ ብላ ፈለገች። የለም።

«ታዲያ በክንፏ ወጣች?» አልኩ።

«ተሸክሟት ነው» አለች፤ መርፌው ከአፏ ወደቀ።

«እዚያ የነበረ ወንድ ማነው?»

«ባሌ! ሌላው ተኝቶ ነበር ብለሽኛል።»

«ተኝቶ ነበር። ለእሱስ እኔ እምልልሻለሁ!»

የስፌት መኪናዋን ከደነች። «እውነት ከሆነ ይቺን ተሸክሜ እናቴ ቤት ነኝ» አለች። ትዳር ከያዘች ጀምሮ ያቺ መኪና በቀን ተከድና አታውቅም።

ባልየው ገና ከበር ሲገባ ፎቶውን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«ማነው የተሸከማት?»

«እኔ አይደለሁም።»

«እና ማነው?»

አፉን ከፈተ። እኔን አየኝ። መልሶ ዘጋው።

ጥፋተኛ ምላሱ ይታሰራል፣ አልኩ በሆዴ።

«አንቺ ሴት፣ ቅዳሜ ወደ በረሃው እንመለሳለን። አብረሽኝ ነይና በዓይንሽ እዪ» አላት። ይስቃል ደግሞ! ዓይን አውጣ!

ሄደች። ቀኑን ሙሉ ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ሸራ ይዛላቸው ስትቆም ዋለች። ሲመለሱ እኔ ደጅ ቆሜያለሁ፤ ልታለቅስ ትችላለች ብዬ መሐረብ ሳይቀር ይዣለሁ። ወረደች። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፤ የባሏን ክንድ ይዛ ትንከተከታለች።

«እህሳ፣ ምን አየሽ?»

«ብዙ አየሁ፣ እትዬ።»

«ንገሪኛ!»

«እትዬ፣ ደጅሽን አሸዋ ሞልቶታል፤ ጥረጊው» ብላኝ ገባች።

ያን ምሽት የስፌት መኪናዋ ከግድግዳው ወዲያ ሲንኳኳ ሰማሁ። በሳምንቱ ደግሞ ብቅ ስል፣ የመቃን ወገብ አቅፋ ነጭ ቀሚስ ትለካላታለች! ለጣውንቷ የምትሰፋ ሴት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። «አዙረውባታል» ብዬ ለሰፈሩ አዳረስኩ። ለሾፌሩም ነገርኩት፤ ሻዩ ትን አለው።

ከባልና ሚስቱ ጋር ዛሬም ግድግዳ እንጋራለን፤ ከጎን የተነሳችው ፎቶ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅላለች። ሾፌሩ ጫማውን ውጭ አራግፎ መግባት ተምሯል። ሞዴሏ ወንድ ልጅ ወለደች።

የሕፃኑ አፍንጫ ቁርጥ የሾፌሩ ነው፤ የሾፌሩ ደግሞ ቁርጥ የኔ፣ የእናቱ።