በማለዳ የመጡት

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሯን ያንኳኩት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው፣ የነፍስ አባቷና ሁለት የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ልቧ ቀድሞ ነግሯታል። ልጇ ሙሉቀን ከጎረቤቷ ከበለጡ ልጅ ከአበጀ ጋር ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ትናንት በእጣቢ ሲጣሉ ደግሞ በለጡ ከአጥሩ ማዶ፣ "የኔ ልጅ ይምጣ፣ ያንቺን ባሕር ይብላው!" ብላ ረግማታለች።

"ይኸው፣ ምላሷ ሠራላት" አለች በልቧ። መቃኑን ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። ያቺ ሴት ጩኸቷን ሰምታ አትደሰትባትም።

"ንገሩኝ ጋሼ። አልጮህም።"

ጋሽ ደምሰው ደነገጡ። "ኧረ ያንቺው ደኅና ነው! እሱ ነው ማታ ደውሎ የነገረን" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያረፈው አበጀ ነው። አጥር ለአጥር ስለሆናችሁ፣ ሰው እስኪሰበሰብ እዚህ ቆይተን አብረን እንገባለን ብለን ነው።"

"ተመስገን!" እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ተመስገን አምላኬ! ለሷ ለራሷ ዞረላት!"

ያን ጊዜ በሩ ተበረገደ። በለጡ ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

"እኔን! እኔን እህቴ! ይህን ምላሴን ይቁረጠው!" ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። "ሰዎቹን በርሽ ላይ ሳይ እንዴት አስችሎኝ ልቀመጥ!"

ሁለቱ ሴቶች አቀረቀሩ።

ጋሽ ደምሰው ኮፍያቸውን አውልቀው የበለጡን ስም ጠሩ።