የደበሌ ጄኔሬተር

በሰባ ሦስት ዓ.ም. አርባ ምንጭን የያዛት ወባ አልነበረም፤ የፊልም ትኩሳት ነበር።

ፊልሙ የመጣው ከወዳጅ አገር ነው። የሠራው አንድ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ነው አሉ፤ ካሜራ ተውሶ፣ ጎረቤቶቹን ተዋናይ አድርጎ። ቋንቋውን የሚሰማ በከተማው አንድም ሰው የለም። ግን ማን ቋንቋ ፈለገ? አንዲት ነጠብጣብ ሻርፕ ያሰረች ልጅ አለች። የምትወደው ልጅ አለ። ቤተሰቦቿ ሩቅ አገር ሊልኳት ባቡር ጣቢያ ይወስዷታል። ልጁ ይሮጣል፤ ገና አልደረሰም። ባቡሩ ያፏጫል። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ታሳርፋለች።

ድርግም!

የቀበሌው አዳራሽ ጄኔሬተር የሚጠፋው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ነዳጅ አለቀ ይባላል። ሕዝቡ እየጮኸና እየተሳሳቀ በጨለማ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማምሻውን ደግሞ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ባቡር በዓይኑ ያላየ ሁሉ ስለ ባቡር ይከራከር ጀመር። «ሳታዪው እንዳትሞቺ!» ይባባላሉ ሴቶቹ ገበያ ላይ። ከኦቾሎ በእግር የሚወርድ አለ፤ ከካምባ በጭነት መኪና የሚመጣ አለ። የዶርዜ ሸማኔዎች የልጅቷን ሻርፕ መሸመን ጀመሩ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አንዱ ቀይ ነው ሲል ሌላው አረንጓዴ ነው እያለ ሊደባደቡ ደረሱ። ሲኒማ ለነፍስ አይበጅም የሚሉት ወንጌላዊ እንኳ ሚስታቸውን ቀስ ብለው «ለመሆኑ ልጅቷ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ አሉ።

የኦይታ ጭንቀት ግን ከሁሉም ይብሳል። ኦይታ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ውስጥ የሚሠራ የዶርዜ ሸማኔ ነው። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋን ውቢትን አግቢኝ ብሏታል፤ እሷም ከት ብላ ስቃ መልስ ሰጥታዋለች።

«የባቡሯ ልጅ ከቀረች አገባሃለሁ። ከሄደች ግን እኔም አዲስ አበባ አክስቴ ጋ መሄዴ ነው።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን!»

ኦይታ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜ ልኩ በአንድ ጄኔሬተር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጄኔሬተሩንም የፊልም ማሽኑንም የሚይዘው ደበሌ ነው፤ ዝምተኛ፣ ለማንም ክፉ የማይናገር ሰው። አገሩ ሁሉ ሲከራከር እሱ ብቻ አንድ ቀን እንኳ ይህ ነው ብሎ አያውቅም። ኦይታ ፊልሙን ትቶ ደበሌን ማየት ጀመረ። ባቡሩ ብቅ ሲል ደበሌ ማሽኑን እንደበራ ትቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ጨለማ ነው።

ኦይታ በማግስቱ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንጨት ሰደደ። እንጨቱ እስከ ግማሹ ርሶ ወጣ።

«ነዳጅማ አለ!» አለ ለውቢት። «እያወቀ ነው የሚያጠፋው። የተረፈውን ጫሞ ሐይቅ ላይ ለጀልባዎቹ ይሸጠዋል ማለት ነው።»

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ላይኛው ከተማ ሼቻ ወጣ፤ ከተሲያት በኋላ ደግሞ ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የአዳራሹ ኃላፊ ጓድ ተክለጻድቅ ጆሮ ገባ።

«ይህ አሻጥር ነው!» አለ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ቅዳሜ ጄኔሬተሩ ይጥፋና ራሴ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ!» እሱም በልቡ ልጅቷ ትሳፈራለች ባይ ነው።

ኦይታ ደነገጠ። እሱ የፈለገው ሚስት እንጂ የሰው እስር አይደለም። ሮጦ ዶርዜ ወጣና ሽማግሌዎቹን ለመነ። ሽማግሌዎቹ ለነገሩ እስኪለመኑ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እርጥብ ሣር ነጭተው፣ ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ደበሌ ደጃፍ ወርደው ተንበረከኩ።

ጋሞ ምድር ላይ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን እምቢ ማለት የለም። ደበሌ ሲያያቸው ክው አለ።

«አባቶቼ፣ ተነሡልኝ! ሌላ ነገር ጠይቁኝ። በሬዬን ውሰዱ።»

«በሬህን ምን እናድርገው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ፊልሙን አስጨርሰን። ያቺ ልጅ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?»

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«ትቀራለች እንጂ! የእናቷ ዓይን አያስችላትም።»

«የት አባቷ ትቀራለች! ትሄዳለች!» አሉ ሁለተኛው፤ ሣሩን እንደያዙ ሊጣሉ ደረሱ።

ደበሌ በፍቅር አያቸው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«እሺ። አላጠፋውም። ኋላ ግን እንዳትወቅሱኝ።»

ኦይታ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ደበሌ ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ምን አስፈራው?

ቅዳሜ አዳራሹ ሊፈነዳ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ሰው፣ የበሩ ጉበን ላይ ሰው። ወንጌላዊው ከኋላ ኮታቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ቆመዋል። ጓድ ተክለጻድቅ በሩን ይዟል። ውቢት አረንጓዴ ነጠብጣብ ሻርፕ አስራ ከኦይታ ጎን ተቀምጣለች፤ እሱ የሸመነላት ነው።

ባቡሩ ብቅ አለ። ሁሉም ዞሮ ደበሌን አየ። ደበሌ ከማሽኑ ጎን አልተነቃነቀም።

ልጁ ይሮጣል። ባቡሩ አፏጨ። ልጅቷ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች። ጄኔሬተሩ ውጭ ድግድግ ይላል፤ አልጠፋም።

«ቅሪ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ውቢት ናት፤ ሳታውቀው ከወንበሯ ተነስታለች። «ቅሪ አንቺ፣ ምን ያስሮጥሻል? ይኸው እየመጣ ነው!»

ኦይታ ልቡ በደስታ ልትቆም ምንም አልቀራት።

ሸራው ነጭ ሆነ። ነጭ እንደሆነም ቆየ። ባዶው ጥቅል ማሽኑ ላይ እየዞረ ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይላል።

«ድሮም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው» አለ ደበሌ።