ከፍራሹ ስር

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዋ ለመመረቂያዋ የሠራችው መሣሪያ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ሽቦውን በእጇ በይዳ፣ ፕሮግራሙን ጽፋ፣ የታመመች እናቷ ፍራሽ ስር አኖረችው። እናትየው ስትነሳ «ተነስታለች»፣ ስትጋደም «ተኝታለች» የሚል መልእክት ወደ ልጅቷ ስልክ ይልካል።

ፈተና ሲቃረብ መሣሪያው አመል አወጣ። በየማለዳው «ተነስታለች» ይላል፤ «ተኝታለች» የሚለው ግን ጭራሽ ቀረ።

«ኮድሽን እዪው እንጂ! እናትሽ ቆማ ታድራለች እንዴ?» ብሎ አማካሪዋ አሾፈባት።

መስመር በመስመር ብትፈትሽ እንከን አጣችለት። ቤት ስትደውል ታላቅ ወንድሟ «እማዬ ደህና ናት፤ አንቺ ብቻ አጥኚ» ይላታል።

የመጨረሻውን ፈተና ተፈትና ወደ ማደሪያ ክፍሏ ስትመለስ ወንድሟ ጥቁር ለብሶ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ገና ስታየው ገባት።

«መቼ?»

«ወር ሊሞላት ነው። ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው፣ እህቴ።»

«ለእኔ ብላችሁ!» አለች ምርር ብላ። «አፈር ስትለብስ እንኳ እንዳላያት፣ ለእኔ ብላችሁ! ታዲያ በየጠዋቱ ተነስታለች እያለ የሚልክልኝ ማነው?»

ወንድሟ ግራ ገባው። «ምኑን? አልጋዋን እኮ በማግስቱ ፈታታነው።» መሣሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ባትሪው ወጥቷል።

ስልኳ ጮኸ።

«ተኝታለች።»

ከኋላቸው፣ ልጅቷ ጠዋት አንጥፋው የወጣችው የራሷ አልጋ ሲጥ አለ። ፍራሹ መሃል ለመሃል ቀስ ብሎ ጎደጎደ።