ባለጉዳይ አፍንጫ

አጽብሐ እጁን ከመሰብሰቡ በፊት ረሻድ ሽቶውን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በሁለት እጁ እስከ አንጓው ድረስ አሸው።

«የጽጌረዳ ነው፣ ከዐረብ አገር የመጣ። እኛ ቤት እንግዳ ደርቆ አይቀመጥም፣ ጋሽ አጽብሐ!»

አጽብሐ የተቀባውን እጅ የሌላ ሰው ይመስል ከፊቱ አርቆ ያዘው። ከትናንት ጀምሮ ሽንኩርት አልቀመሰም፤ ቡና በአፉ አልዞረም። ጧት ወደ አራዳ ሲወጣ የቆዳ ነጋዴዎቹን ሽታ ሽሽት በእሪ በከንቱ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ የደከመው አፍንጫው እንዲጠራ ነበር። አሁን አፍንጫው ውስጥ ያለው ጽጌረዳ ብቻ ነው።

«ረሻድ፣ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?»

«ዝባድ ሊፈትሹ።»

«በምኔ?»

ረሻድ አሰበ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «ኧረ ያ አላህ!» አለ።

ታላቅ እህቱ ሀጂራ ከሱቁ ጥግ ቀና ብላ አየችው። ስድስት የበሬ ቀንዶች ፊቷ ተደርድረዋል፤ አፋቸው በቆዳ ተወጥሮ ታስሯል። ረሻድ ሊሙ ወርዶ ከጥርኝ አርቢዎች ደጅ ለደጅ የሰበሰበላት የሽቶ መሥሪያ ዝባድ ነው፤ የዓመት ንግዷ ይኸው ነው። ፈረንጁ ገዢ የአጽብሐ ማኅተም የሌለበትን ቀንድ አይነካም። ገዢው ደግሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ በባቡር ይሄዳል፤ እስከ መስከረም አይመለስም። እርጥበት ውስጥ የከረመ ዝባድ ይሻግታል።

«አመድና ሎሚ አምጣ!» አለች ወንድሟን። «ቆመህ ከምታላዝን!»

አጽብሐ እጁ እስኪቀላ ፈተገ። አሸተተው። ሎሚ የነካው ጽጌረዳ ሆኗል።

«አልሆነም። በወረቀት ልሞክረው፣ እትዬ ሀጂራ። ከየቀንዱ ትንሽ ትንሽ ቀብቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ንጹሑ ባለበት ይረጋል፤ ቅቤ የገባበት ግን ቅባቱ ዙሪያውን ሰፍቶ ወረቀቱ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። እሱ አይሳሳትም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ማታ።»

«ባቡሩን ቁም ትለዋለህ እንግዲህ።»

«እንዲያው» አለ ረሻድ ከወደ ጓዳው፣ «ሳያሸቱ ቢያትሙትስ?»

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሁለቱም።

አጽብሐ ደሙ ፈላ። ነጋዴዎች ሁሌም እንዲሁ ናቸው። ቶሎ ይሁን ይላሉ፤ እርግጡ ይታወቅ ይላሉ፤ ደግሞም ሽታው እንዳይተን ቀንዱ ብዙ አይከፈት ይላሉ። ከሦስቱ አንዱን ተዉ ሲላቸው ጉቦ እንደጠየቀ ሰው ያዩታል።

«እኔ ልንገርህ» አለች ሀጂራ። «ያንተ አፍንጫ ሐቀኛ ነው፤ ዛሬ ግን ሞቷል። የኔ ባለጉዳይ ነው፤ ግን በሕይወት አለ። የቱ ይሻልሃል?»

«ሻጭ ዳኛ ሲሆን የት አይተዋል?»

«የሞተ ዳኛስ የት አይተሃል?»

ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተው። በዚህ ማኅተም ከሄደ ቀንድ እስከ ዛሬ አንድም አልተመለሰበትም። በሩ ላይ ቆሞ ፀሐዩን አየ፤ ወደ መሐል ሰማይ ተጠግቷል። ተመልሶ የመጀመሪያውን ቀንድ በንዴት ፈታና አፍንጫዋ ሥር ደቀነው።

«ደህና ነው» አለች።

ሁለተኛውን፣ «ደህና።» ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም፣ «ደህና።»

«ሌላ ቃል የለዎትም?»

«ደህናውን ደህና ነው ካላልኩ ምን ልበልህ? መንዙማ ላውርድልህ?»

አምስተኛው ከሁሉም ትልቁ ነበር። አሸተተችው። ፊቷን አዙራ ከደጅ ንጹሕ አየር ሳበች፤ እንደገና አሸተተች።

«ረሻድ፣ ይህን ከማን ገዛኸው?»

«መንገድ ላይ ካገኘሁት ሰው። በልጆቹ ማለልኝ እኮ!»

ቀንዱን ከሰልፉ አውጥታ ከጀርባዋ አኖረችው።

«እትዬ! ትልቁን!» አለ ረሻድ።

«ትልቅ ቅቤ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ስድስተኛው ደህና ሆነ። አጽብሐ እጁን ወደ ኋላዋ ሰዶ ከተጣለው ቀንድ በእንጨት ጫፍ ቆንጥሮ ወረቀት ላይ ቀባና በበሩ ደፍ ካለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አኖረው። ከዚያ ሰሙን አቀለጠ።

ሰሙ ቀልጦም ማኅተሙን ከኪሱ አላወጣም። አምስቱን ለማሻገር አንዱን ሆን ብላ ጥላው ቢሆንስ? ትልቁን መጣሏ እውነተኛ መሆኗን ያሳያል፤ ብልጥ መሆኗንም ያሳያል። ሐቀኛዋም ብልጧም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይህን የሚለይ አፍንጫ ደግሞ በደህናውም ቀን አልነበረውም።

«ሰሙ እየረጋብህ ነው» አለችው።

አተመ። አምስቱንም፣ ከሚገባው በላይ እየተጫነ። ረሻድ ቀንዶቹን በጭድ ጠቅልሎ በቅሎዋ ላይ እስኪጭን አጽብሐ ለሰበብ ያህል ሽቶውን ሲያማርር ቆየ፤ የሚሰማው አልነበረም። ሀጂራ ነጠላዋን አጣፍታ ከበቅሎዋ ኋላ ቁልቁለቱን ወደ ባቡር ጣቢያው ያዘች። ደህና ዋልም አላለችው።

አጽብሐ ከደፉ ላይ ወረቀቱን አነሳና ወደ ብርሃኑ አቀናው። ማታ ይደርሳል ያለው ነገር ገና በቀትር ደርሷል፤ በጥቁሩ ነጥብ ዙሪያ ቅባቱ የሲኒ አፍ ያህል ሰፍቷል። በዚያ ብርሃን በሚያሳልፈው ቀለበት ውስጥ በቅሎዋና ሴትዮዋ እንደ ጥላ ደብዝዘው፣ በወረቀት ያልተሞከሩትን አምስቱን ቀንዶች ይዘው ይወርዳሉ። ወረቀቱን ከያዘው ጣቱ ጽጌረዳ ይሸታል።