ግድግዳው የሚጽፋት ቃል

የሰውን ንግግር እየመዘነ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ የሚጽፍ ግድግዳ በየቤቱ ከተተከለ ወዲህ፣ እንደ ደምረው የተጎዳ ባል ከምድር እስከ ሰማይ አልተገኘም። «ሽሮሽ ለመላእክት የሚቀርብ ነው!» ሲል ግድግዳው «ሐሰት» ይጽፋል፤ ሚስቱ አስካለ ሳህኑን ታነሳበታለች።

ደምረው ደግሞ ቤዚክ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ዓለምን ያንቀጠቀጥኩ ነኝ ባይ ነውና የግድግዳውን ሆድ ከፈተ። በውስጡ እውነት የሚታወቀው በቁጥር −1፣ ሐሰት በ0 ነው፤ ቁጥሩን ወደ ቃል የምትለውጠው አንዲት መስመር ናት። ለሁለቱም «እውነት» ብላ እንድትጽፍ አደረጋት።

«ፀሐይ መውጣት የተማረችው አንቺን አይታ ነው!» አለ በዚያው ቀን እራት ላይ።

ግድግዳው «እውነት» ጻፈ።

የአስካለ ዕንባ መጣ። «ደምሬ፣ እኔም እኮ አንተን በማግባቴ አንድ ቀን ተጸጽቼ አላውቅም።»

ደምረው በጉጉት ቀና ብሎ «እውነት» የሚለውን አነበበ። ምነው ይህን ትናንት በተናገረች!