ጌኮ ያማራቸው እናት

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ፣ እናቷ ደውለው “ጌኮ ላሳድግ ነው” ሲሏት ሳቋ አመለጣት። ጌኮ ማለት ያ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጅራቱ የወፈረ እንሽላሊት መሆኑን ታውቃለች። ያልገቧት እናቷ ናቸው። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር፣ በረንዳ ላይ ያለውን አበባ እንኳ ውሃ ነስተው ያደረቁ ሴት፣ አሁን ደግሞ እንሽላሊት!

“ለመሆኑ ምን ይበላል?”

“ሰላጣ ነዋ!”

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ መጣች። ሥራ በዝቶባት የእናቷን ደጅ ከረገጠች ወራት አልፈው ነበር።

“እማዬ፣ ሰላጣ አይበላም። በሕይወት ያለ ፌንጣ ነው የሚበላው። ያውም የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት።”

“ፌንጣውን ማን ይይዝልኛል?”

“ይኸው! ይህን ሳታውቂ ነው ልትገዢ የተነሳሽው? እንስሳ እኮ የቤት ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ አንብቢ!”

በማግስቱ ስለ ጌኮ አያያዝ የተጻፈ መጽሐፍ ገዝታ ይዛላቸው መጣች። እናትየው መነጽራቸውን ቢፈልጉ አጡት። “አንቺው ብታነቢልኝስ?” አሉ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ አነበበችላቸው።

በሌላ ቀን ስትመጣ ሁሉንም ረስተውታል።

“የሚኖርበትን ሳጥን መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አደርግለታለሁ።”

“ታቃጥይዋለሽ!”

“እንግዲያው ጥላ ውስጥ።”

“ይበርደዋል! አንዱ ጥግ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት አላልኩሽም?”

“ጅራቱን ይዤ ባነሳውስ?”

“ይቆረጣል!”

“ውይ!” አሉ እናትየው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው።

ልጅቷ ይህንን ክሊኒክ ውስጥ ስታወራ የሥራ ባልደረቦቿ በሳቅ ፈረሱ። “እሷን ከማስረዳት የበሰበሰ መንጋጋ መንቀል ይሻለኛል” ትላለች። ግን ደግሞ ምስኪኑ እንስሳ በእናቷ እጅ ሲሞት ይታያታል፤ ተመልሳ ትሄዳለች። እናትየውም ኮቷን ባነሳች ቁጥር አንድ ጥያቄ አያጡም። “ልትሄጂ ነው? ቆዳውን ሲቀይርስ ምን አደርገዋለሁ?” ልጅቷ በረጅሙ ተንፍሳ ትቀመጣለች፤ ራት ይቀርባል።

አንድ ቀን መረራት። “ፎቅ ላይ የሚኖረውን የባዮሎጂ መምህር ለምን አትጠይቂውም? ደረጃው ላይ በየቀኑ ታገኚዋለሽ!”

“ኧረ እኔ ሰው አላስቸግርም።”

“እኔስ ሰው አይደለሁም?”

“አንቺማ ልጄ ነሽ” አሉ፣ ሳህኗ ላይ እየጨመሩ። “ደግሞም ለአንድ ሁለት ዓመት መጫወቻ ቢሆነኝ ነው።”

ልጅቷ ሹካዋን ወረወረችው። “ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል! ሃያ! አንቺ ስትሞቺ ማን ላይ ልትጥይው ነው?”

እናትየው የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ማስተካከል ያዙ። “እሱስ እውነትሽን ነው” አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ከአፏ የወጣውን ቃል መመለስ አልቻለችም። ይቅርታ ማለትም አልሆነላትም። ቅዳሜ ዕለት ግን የመስታወት ሳጥን፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያ፣ መደበቂያ ዋሻና ነጠብጣብ ያለበት አንድ ጌኮ ተሸክማ መጣች። ሁሉንም በእጇ ገጣጠመች።

“ይኸውልሽ። ፌንጣውን የገዛሁበት ሱቅ ቤትሽ ድረስ ያመጣልሻል። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም።”

የእናትየው ፊት አመድ መሰለ። ልጅቷ ደስታ ነው ብላ አሰበች።

“ቀረብ ብለሽ እዪው እንጂ!”

“ከዚህም ይታየኛል” አሉ፣ በሩን ተደግፈው።

ልጅቷ ሳመቻቸውና ሸክም እንደወረደለት ሰው ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

የእግሯ ድምፅ ሲጠፋ እናትየው ፎቅ ወጥተው የባዮሎጂውን መምህር ጠሩት። ሳጥኑን ሲያነሳ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

“ለተማሪዎችህ ይሁን። እኔ ገና ሳየው ይዘገንነኛል። ብቻ አደራ፣ አሸዋ እንዳታነጥፍለት፤ ከፌንጣው ጋር ይውጠውና አንጀቱን ይዘጋበታል። ቆዳውን ሊቀይር ቀለሙ ፈዘዝ ሲል ዋሻው ውስጥ እርጥበት አድርግለት፤ ጣቶቹ ላይ የቀረ ቆዳ ካለ ደም እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ጅራቱ ከቀጠነ ደግሞ ታሟል ማለት ነውና ቶሎ ለሐኪም አሳየው።”

መምህሩ ሳጥኑን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። “እትዬ፣ ይህን ሁሉ መቼ አነበቡት?”

“ለልጄ ከመደወሌ በፊት።”